ሰንበት ሻረች ያለኝ ሶኬት

በደል ተፈጽሞብኛል፤ ተጽፎ እንዲቀመጥልኝ እፈልጋለሁ። አንድ ሰው አዲስ አበባ ተቀምጦ፣ እዚህ ላሊበላ ያለውን የቤቴን መብራት በስልኩ ዘጋብኝ። ከመዝጋቱ በፊት አልጠየቀኝም። ሲዘጋው ምን አብሮ እንደሚጠፋ አላወቀም። በዚያው ሰዓት እኔ ስንት ዓመት አብሬያቸው በጠጣሁ የሰንበቴ ሰዎች ፊት ሰንበት ሻሪ ተብዬ ቆሜ ነበር።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት በጥቅምት ወር፣ በአንዱ እሑድ ነው። ሰውየውን ይቅር ብዬዋለሁ። ታዲያ ለምን ትጽፊዋለሽ ይሉኛል ልጆቼ። የምጽፈው ወሬው እየተጣመመ ስለሄደ ነው። አንዳንዱ በእርግጥ ወፍጮ ነበራት ይላል። አንዳንዱ ጭራሽ ባለቤቴን ገድሎ ቀብሮታል። እኔ የተማርሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ቢሆንም የራሴን ነገር ራሴ ብጽፈው ይሻላል።

ባለቤቴ ፈንታው ይባላል። አርባ ዓመት ሙሉ ድንጋይ ሲጠርብ የኖረ ሰው ነው። ለቤት መሠረት የሚሆነውን ትልቁንም፣ እንግዶች ለማስታወሻ የሚገዙትን ትንንሹን መስቀልም ይጠርብ ነበር። አፉን በሻሽ እየሸፈነ ቢሠራም ብናኙ ሳንባው ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ። ካቻምና አሥር እርምጃ ሄዶ መቆም ጀመረ። ደሴ ድረስ ወስጄ አስመረመርሁት። ሐኪሙ ከእንግዲህ ያለ ኦክስጅን አይሆንም፣ ከተቻለ ቀንም ሌሊትም አይለየው አለን።

አዳማ የሚሠራው ልጃችን ከባልደረቦቹ ጋር ተረዳድቶ የኦክስጅን ማሽን ላከልን። ማሽኑ ጎማ ያለው ሣጥን ነው። የቤቱን አየር ይስብና ኦክስጅኑን ለይቶ በቀጭን ቱቦ ወደ አፍንጫው ይልክለታል። በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። ሲሠራ ያጉረመርማል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ሳያቋርጥ ይጮኻል።

ፈንታው ቱቦው አፍንጫው ላይ በገባ ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

“ደብሬ፣ እንደ በሬ አፍንጫዬን በገመድ ተሰንጌ ማንም እንዳያየኝ” አለኝ። “ለማንም እንዳትናገሪ በአምላክ ማይልኝ።”

ማልሁለት። እውነቱን ለመናገር እኔም የራሴ ምክንያት ነበረኝ። ቅዳሜ ገበያ ሽሮና በርበሬ እሸጣለሁ። ሰው ሳንባ የሚባል ነገር ሲሰማ ነቀርሳ ነው ብሎ ይሸሻል። ከሳንባ በሽተኛ ቤት የወጣ ሽሮ ማን ይገዛኛል? ስለዚህ ማሽኑን መተንፈሻውን ብቻ ትተን በአሮጌ አንሶላ ሸፈንነው። ፈንታውም እኔ በወጣሁ ቁጥር በሩን ከውስጥ ይቀረቅር ጀመር።

የምንኖረው በኪራይ ነው። ግቢው የደሳለ ነው፤ ደሳለ ኑሮው አዲስ አበባ ነው። ወንድሙ ይመር ከኛ ቀጥሎ ባለው ክፍል እየኖረ ግቢውን ይጠብቃል። አራት ክፍል ነን፣ ቆጣሪው ግን አንድ ነው። የመብራቱን ሒሳብ እኩል ነበር የምንካፈለው። ማሽኑ ከመጣ በኋላ ይህ አላስተኛኝ አለ። የኔን መብራት ሌላ ሰው እንዲከፍልልኝ አልፈልግም። ራሴ ለደሳለ ደወልሁና ሁሉም የተጠቀመውን ይክፈል፣ መላ ፈልግ አልሁት። በኋላ መብራቴን የዘጋብኝን ዕቃ ግቢያችን ያስገባሁት እኔው ነኝ ብል አልዋሸሁም።

ደሳለ ከመስቀል በፊት መጣ። ለየክፍሉ ነጭ፣ መዳፍ የማይሞላ ዕቃ ይዞ ነበር። ግድግዳው ላይ ባለው ሶኬት ላይ እሱ ይሰካል፤ የኛ ዕቃ ደግሞ በሱ ላይ ይሰካል። ሲበራ ጥግ ላይ ሰማያዊ መብራት አለችው። ሲም ካርድ ያለበት ሌላ ትንሽ ሣጥን ደግሞ ይመር ክፍል አስቀመጠ።

“በዚህ አዲስ አበባ ሆኜ ማን ምን ያህል እንደሚጠቀም በስልኬ አያለሁ” አለን። “ሲያስፈልግም እዘጋለሁ፣ እከፍታለሁ።”

“እዚያ ሆነህ እዚህ?” አልሁት።

“አዎ፣ እማማ ደብሬ። ዘመኑ ነው።”

እኛ ክፍል ሊሰካ ሲገባ ፈንታው አልጋው ላይ ያለ ቱቦ ቁጭ ብሎ ትንፋሹን እንደምንም ዋጥ አድርጎ ጠበቀው። ከአንሶላው ሥር ምን እንዳለ ደሳለ አልጠየቀም። ማንም እንዳይነቅለው ነጩን ዕቃ ከግድግዳው ጋር በጥቁር ፕላስተር ዙሪያውን አሸገው። የነቀለ ግቢውን ይለቃል አለና ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ይመር በየጊዜው ስልኩን እያየ ወደኛ በር መመልከት ጀመረ። ደሳለ በስልኩ እንዲያይ ለሱም ፈቅዶለት ነበር።

“እማማ ደብሬ፣ ኧረ እቤታችሁ ምንድን ነው ያለው?” አለኝ አንድ ቀን።

“እቤት ያለው የቤት ነው” አልሁት።

“ብዙ ይበላል እኮ።”

“የበላውን እከፍላለሁ። አንተን ምን አገባህ?”

በመስከረም መጨረሻ ላይ ደግሞ ደሳለ ደወለ። ለገና የሚመጡትን እንግዶች ሊያሳርፍበት ፈልጎ ክፍሉን ልቀቁልኝ አለ። ውላችን እስከ ሰኔ ነው፣ በሰኔ እለቃለሁ አልሁት። ቅር አለው። ውል ግን ውል ነው፤ እኔም የታመመ ሰው ይዤ በብርድ ቤት ፍለጋ አልዞርም።

እንግዲህ ወደዚያ እሑድ ልምጣ።

ከሐሙስ ጀምሮ ፈንታውን ጉንፋን ይዞት ነበር። የጥቅምት ጠዋት በኛ አገር እንደ ምላጭ ነው። ቱቦውን ለትንሽ ጊዜ ሲያወልቅ ከንፈሩ ይጠቁርብኛል። መብራት ለጠፋ ጊዜ የምትሆነን አንዲት ትንሽ የኦክስጅን ሲሊንደር ነበረችን፤ እሷም አልቃ ለማስሞላት ወልድያ ተልካ ነበር። የሰንበቴው ተረኛ ደግሞ እኔ ነኝ። ጠላውና ዳቦው ቅዳሜ ተዘጋጅቷል።

“ልቅር” አልሁት።

“ሂጂ” አለኝ። “ተራሽን ብታስቀሪ ደብሬ ምን ሆነች ብለው እዚህ ይመጣሉ።”

ያለን ስልክ አንድ ነው፤ አጠገቡ አስቀመጥሁለት። ወጣሁ። በሩ ከኋላዬ ሲቀረቀር ሰማሁ።

ቅዳሴው አለቀ። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ጥግ ወዳለችው የሰንበቴ ቤት ገባን። ጸሎቱ ደረሰ፣ ዳቦው ተባረከ። የሰንበቴያችን ሙሴ፣ ማለት ሰብሳቢያችን፣ አያ ምስጋናው ናቸው። ዳቦውን ሊቆርሱ ቢላዋውን እንዳነሡ ይመር ከመቀመጫው ተነሣ።

“ሙሴ፣ ከመቆረሱ በፊት ቃል አለኝ።”

“ተናገር።”

“ሰንበት የሚሽር ሰው ያመጣውን ዳቦ መብላት ይገባናል ወይ?”

አያ ምስጋናው ቢላዋውን እንደያዙ “ማን ነው የሻረው?” አሉ።

ይመር ስልኩን ከፍ አድርጎ አሳየ። ከሩቅ መስመር መስመር ይታያል።

“ይኸ የሁላችንም የግቢው ሰው መብራት ነው። የኔ መስመር ይወጣል፣ ይወርዳል። ሻይ ሳፈላ ይወጣል፣ ስተኛ ይወርዳል። ይኸኛው ግን የእማማ ደብሬ ነው። ቀጥ ያለ ነው። ሰኞ ቀጥ። ሚካኤል ቀጥ። እሑድ ቀጥ። በግድግዳው ሲያጉረመርም ይሰማኛል። እቤታቸው ወፍጮ ተክለዋል። በሰንበት እየፈጩ ነው ሽሮ የሚሸጡት።”

አስካለ የምትባል አለች፤ ገበያ ላይ ከጎኔ ሽሮ ትሸጣለች። እጇን አጨበጨበች።

“ለካ! እኔም እላለሁ፣ ሽሮዋ ምነው እንዲህ ላመ! ቀን ከሌት እየተፈጨ ነዋ!”

“እሷ ትፈጫለች፣ ሰይጣን ይነፋላታል” አለ ከወዲያ በኩል አንዱ። ሳቁ።

እኔ በዕድሜዬ ብዙ ተብያለሁ። ክፉ ምላስ አለሽ ተብያለሁ፣ ግትር ተብያለሁ፤ እሱስ እውነት ነው። እናቴ ግን ቅዳሜ ማታ ሙቀጫውን ገልብጣ የምታስቀምጥ ሴት ነበረች። የሷ ልጅ ሆኜ ሰንበት ሻረች እባላለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። በአገራችን ሰንበት የሻረ ሰው የራሱን ብቻ አይደለም የሚያጠፋው። በረዶ ቢጥል፣ ሰብል ቢመታ፣ በሱ ነው የሚባለው። ጥቅምት ደግሞ ሰብሉ ገና ማሳ ላይ ነው።

“ወፍጮ የለኝም” አልሁ።

“ታዲያ ምንድን ነው?” አሉ አያ ምስጋናው። በክፋት አልነበረም የጠየቁኝ።

መልሱ ምላሴ ላይ ነበር። አንድ ቃል ብናገር ነፃ እወጣለሁ። ግን በአምላክ ምያለሁ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ቆሜ መሐላ አላፈርስም አልሁ። ማታ ፈንታውን አስፈቅዳለሁ ብዬ አሰብሁ።

“ነገ ጠዋት ኑና ቤቴን እዩ” አልሁ።

“ነገማ ወፍጮው እግር ያወጣል!” አለ ይመር። “ደግሞ ማየትም አያስፈልግም። ደሳለን ቅዳሴ እንዳለቀ በስልክ አግኝቼዋለሁ። በግቢዬ ሰንበት አይሻርም ብሎ ዘግቶታል። ይኸው እዩት።”

ስልኩን ወደ ፊቴ አቀረበው። ቀጥ ብሎ የኖረው መስመር ጫፉ ላይ ተቆርጦ ወደ ታች ወድቋል። ያ መስመር የፈንታው ትንፋሽ እንደ ነበር ከዚያ ሁሉ ሰው የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ።

“ክፈተው በለው!” አልሁት።

“ወፍጮውን ሊያስቀጥሉ?”

“ይመር፣ ክፈተው በለው! ፈንታው በሱ ነው የሚተነፍሰው!”

መሐላዬን አፈረስሁ። ማንም ግን አልገባውም።

“ሰው በሶኬት ይተነፍሳል እንዴ?” አለች አስካለ። እንደገና ሳቁ።

“እኔ ማየት እንጂ መክፈት አልችልም፣ መክፈቻው ደሳለ ጋ ነው” አለ ይመር። ፊቴን አይቶ ትንሽ ደንገጥ ብሎ መደወል ጀመረ። መስመሩ ተይዟል የሚለውን ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ አልቆምሁም።

ከሰንበቴው ቤት እስከ ግቢያችን ዳገት ነው። ደህና ጎልማሳ በሩብ ሰዓት ይወጣዋል። እኔ የልጅ ልጅ ያየሁ ሴት ነኝ፣ ጉልበቴም ያመኛል። ሮጥሁ። ነጠላዬ ከትከሻዬ ወደቀ፣ አላነሣሁትም። ድንጋዩ ላይ አንዱ ጫማዬ ተበጠሰ፣ ሌላውንም አውልቄ ጣልሁ። በልቤ የምቆጥረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ቅዳሴ ከወጣ ጸሎቱ፣ ከጸሎቱ የይመር ንግግር፣ ከዚያ ሳቁ። ስንት ጊዜ ይሆናል? ፈንታው ያለ ማሽኑ ስንት ጊዜ ይችላል? ደህና በነበረበት ጊዜ ይችል ነበር። ጉንፋን ይዞት ግን አላውቅም።

ከኋላዬ ሰዎች እየተከተሉኝ ነው። “ወፍጮውን ልትደብቅ ነው! ያዟት!” የሚል ሰማሁ። የሚስቁም ነበሩ። እንዲከተሉኝ ፈልጌ ነበር ለማለት አልደፍርም፤ አላሰብሁም። ሁለት ጊዜ ልወድቅ ነበር። አንድ ጊዜ ግድግዳ ይዤ ቆምሁ፤ የራሴም ትንፋሽ እንቢ አለኝ። ያን ጊዜ ነው እሱ በየቀኑ የሚያየው ምን እንደሆነ የገባኝ።

የግቢውን በር ስከፍት ጩኸቱን ሰማሁ። ማሽኑ ይጮኻል፣ ሳያቋርጥ።

በሩ ተቀርቅሯል።

“ፈንታው! ክፈት!” በቡጢ መታሁት። “ፈንታው፣ እኔ ነኝ!”

መልስ የለም። ጩኸቱ ብቻ። ይህን በር እንዲቀረቅር የተስማማሁት እኔ ነኝ። ሰው እንዳያየው ብለን የሠራነው መቀርቀሪያ እኔኑ ከውጭ አስቀረኝ።

ይመር ቀድሞ ደረሰ። እያለከለከ ነው። “ከውስጥ ማን አለ? ወፍጮውን ማን...” ብሎ ጀመረና ጩኸቱን ሰምቶ ቆመ።

“ወፍጮ እንዲህ ይጮኻል?” አልሁት። “በሩን ስበር! ባሌ ሞተ፣ ስበረው!”

አየኝ። ከዚያ በትከሻው ገባበት። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። አያ ምስጋናው ደርሰው እሳቸውም ተጋፉ። በሦስተኛው መቀርቀሪያው ተነቅሎ በሩ ተበረገደ።

ፈንታው ወለሉ ላይ ነበር። ስልኩ አልጋው ላይ ነው፤ የሚናገርበት ትንፋሽ ስላልነበረው ከአልጋው እስከ ሶኬቱ በደረቱ ተስቦ ሄዷል። ጣቶቹ ጥቁሩን ፕላስተር ይዘዋል፤ ጥፍሩ ሥር ደም አለ። ጥጉን ትንሽ አንሥቶለት ከዚያ አቅም አጥቷል። ቱቦው አፍንጫው ላይ እንዳለ ነው። ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል። ዓይኑ ግን ክፍት ነበር፣ አየኝ።

ፕላስተሩን በጥፍሬ ያዝሁ፣ አልነሣ አለ። በጥርሴ ሞከርሁ። ከላዬ አንድ እጅ ቢላዋ አቀበለኝ። አያ ምስጋናው የዳቦውን ቢላዋ እንደያዙ ነበር ዳገቱን የወጡት። ፕላስተሩን ዙሪያውን ቀደድሁት፣ ነጩን ዕቃ መንግዬ ወረወርሁት፣ የማሽኑን ገመድ ግድግዳው ላይ ሰካሁ። ጩኸቱ ቆመ። ለአንድ አፍታ ምንም የለም። ከዚያ ማጉረምረም ጀመረ።

ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አድርጌ ቱቦውን አስተካከልሁለት። “ሳብ” እለዋለሁ፣ “ሳብ፣ ፈንታው፣ ሳብ።” ይስባል። ደረቱ እንደ ወናፍ ይነሣል፣ ይወድቃል።

ቀና ስል ክፍሉ በሰው ሞልቷል። አንሶላው ወድቆ ማሽኑ ገሃድ ወጥቷል። አስካለ የኔን ነጠላ ከመንገድ አንሥታ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። በዚህ መካከል የይመር ስልክ ጮኸ። ይመር ሲያነሣው የደሳለ ድምፅ ለሁላችንም ተሰማ።

“ይመር! ሶኬቱ ከስልኬ ጠፋ! ነቅለውታል! ማን ነው የነቀለው?”

አያ ምስጋናው ስልኩን ከእጁ ወሰዱት። “እኔ ነኝ” አሉ።

“አንተ ማን ነህ?”

“የሰንበቴው ሙሴ ነኝ። ሰንበት ማን እንደሻረ ልናይ መጥተን አገኘነው። መኪና ያለው ሰው ታውቅ እንደ ሆነ አሁን ደውልለት፤ ሐኪም ቤት የሚሄድ ሰው አለን።”

መኪና ሳይጠበቅ ይመር ባጃጅ ይዞ መጣ። ፈንታውን በጀርባው አዝሎ ያወጣውም እሱ ነው። ሐኪም ቤት አራት ቀን ተኛ። በሦስተኛው ቀን አያ ምስጋናው ሊጠይቁት ሲገቡ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

“እንደ በሬ ተሰንጌ አዩኝ” አላቸው።

“ፈንታው” አሉት፣ “በሬም የሚሰነገው ጉልበት ስላለው ነው። ፍየል ማን ይሰንጋል?”

ሳቀ። እስኪያስለው ሳቀ፤ ነርሷ መጥታ ተቆጣችን።

ከዚያ የምሕረት ጥየቃው መጣ። ይመር እግሬ ላይ ወደቀ፣ አነሣሁት። በሩንም ራሱ አዲስ አድርጎ ሠራ። አስካለ በሚቀጥለው ቅዳሜ ገበያ ላይ ከኔ ሽሮ ገዝታ በሰው ሁሉ ፊት ቀመሰችው። የቀረው ደሳለ ነው።

ለደሳለ አንድ ጥያቄ ነበረኝ። ያን ቀን ከመዝጋትህ በፊት ለምን አልደወልህልኝም? ይህን ብቻ።

መጀመሪያ በስልክ ስጠይቀው “ሲስተሙ ነው፣ እማማ፤ በዛ ሲል ይዘጋል” አለ።

“ሲስተሙ ሰንበት ያከብራል እንዴ?” አልሁት። ዘጋው።

ሁለተኛ ጊዜ “ይመር ወፍጮ ነው ስላለኝ ነው” አለ። ያ ለምን እንደዘጋው እንጂ ለምን እንዳልጠየቀኝ አይመልስም። ሦስተኛ ጊዜ መልስ ሳይሆን በግ ላከ። እስከ ሰኔም ኪራይ አልፈልግም አለ። በጉን በመጣበት ገመድ መለስሁት። ኪራዩንም በወሩ ከፈልሁ። “ጥያቄዬን በበግ አትመልስልኝ፤ ስሜ በጠፋበት ቤት፣ ሲያጠፉት በነበሩት ሰዎች ፊት መጥተህ መልስ” ብዬ ላክሁበት። ግትር ነሽ አሉኝ፤ ፈንታው ራሱ ተዪው አለኝ። አልተውሁም።

አሁን ሳስበው በነዚያ ሰዎች ሳቅ አልቀየምም። እነሱ የሚያውቁት የምንደብቀው ነገር እንዳለን ነው፤ ደግሞም ነበረን። በሩ የተቀረቀረው በኔም ፈቃድ ነው። ይህን ደብቄ የሌላውን ብቻ ብጽፍ ፍርድ አይሆንም። ፈንታው ዛሬ በሩን ከፍቶ ቱቦውን አፍንጫው ላይ አድርጎ ደጅ ፀሐይ ይሞቃል፤ ሰው ሲያልፍ ሰላም ይለዋል። ሰኔ ቢያልፍም እዚያው ግቢ ነን፤ በየክፍሉም የሚቆጥር ብቻ እንጂ የማይዘጋ ትንሽ ቆጣሪ ተተክሏል፤ የምንጠቀመውን እንከፍላለን። ማሽኑ ለአፍታ ድምፁን ሲቀይር ግን እኔ ዛሬም የያዝሁትን ጥዬ እነሣለሁ። ይህ ከኔ የሚወጣ አይመስለኝም።

ደሳለ በዚያው ዓመት በኅዳር መጣ። እሑድ ነበር። ሰንበቴው ቤት ገብቶ በሁሉ ፊት ድንጋይ ተሸክሞ ቆመ። ድንጋዩን ሲያስወርዱት ይቅርታ ጠየቀ። እኔም በአደባባይ ይቅር አልሁት፤ ሰው እልል አለ። ሊቀመጥ ሲል ግን “ቆይ” አልሁት። “ይቅርታው አልቋል። ጥያቄዬ አላለቀም። ስልኬን ታውቀዋለህ፣ ስንቴ ደውለህልኛል። ለምን አልደወልህልኝም?”

“ኔትወርኩ...” ብሎ ጀመረ።

“ለመዝጊያ የበቃው ኔትወርክ ለመደወያ አነሰ?” አለ ይመር፣ የገዛ ወንድሙ።

ማንም አልሳቀም። አያ ምስጋናው ቢላዋውን ዳቦው ላይ አሳርፈው ይጠብቃሉ። ደሳለ ዓይኔን እያየ መለሰልኝ።

“ብደውልልዎ ኖሮ ምክንያትዎን ይነግሩኝ ነበር፣ እማማ። ምክንያትዎን ከሰማሁ ደግሞ በወፍጮው ሰበብ ክፍሉን ላስለቅቅዎ አልችልም። ስለዚህ አልደወልሁም።”